ሰርኪዩት ቦርድ በራሳችሁ ኤች ስታደርጉ፦ ኬሚካሉን ከመግዛት እስከ ማስወገድ

ኤች ማድረግ (ኤቺንግ) ማለት ከቦርዱ ላይ የማይፈለገውን መዳብ በኬሚካል ማስበላት ነው። አሲድ አደገኛ መሆኑን የማያውቅ የለም። ቦርድ በራሱ የሚሠራ ሰው ጓንት ያደርጋል፣ መስኮትም ይከፍታል። ያም ሆኖ የአንዱ እጅ ይቃጠላል፣ የሌላው ዓይን ውስጥ ይረጫል፣ የሌላው ደግሞ መሣሪያው በሙሉ ዝጎ ይጠብቀዋል። ቦርዱ ኬሚካሉ ውስጥ ባለበት ሰዓት ሁሉም ይጠነቀቃል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው፤ ኬሚካሉ ሲቀላቀልና ሲደፋ። እዚህ መመሪያ ላይ ሰፊ ቦታ የያዙትም እነሱ ናቸው። ደረጃዎቹን በተራቸው ሂዱባቸው፤ አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ደረጃ 1፦ ኬሚካላችሁን ምረጡ

መዳብ የሚበላ ኬሚካል ለሰው ገላም አይመለስም። "ምንም አያደርግም" የሚላችሁን አትመኑ። ልዩነታቸው የሚጎዱበት መንገድ ነው።

*ፌሪክ ክሎራይድ።* ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ ነው። በፈሳሽ መልክ ሲገዛ ትነቱ ትንሽ ነው። ቆዳንና ዓይንን ያቆስላል። የነካውን ልብስ፣ እንጨትና ሴራሚክ ያበላሻል፤ እድፉም በቀላሉ አይለቅም። ብረት ይበላል፤ የማይዝግ የሚባለውን የማጠቢያ ገንዳ ሳይቀር።

*ሶዲየም ፐርሰልፌት።* ነጭ ዱቄት ነው። ሲሟሟ ውሃ ይመስላል፤ መዳቡን እየበላ ሲሄድ ሰማያዊ ይሆናል። ቦርዱ ውስጡ በደንብ ስለሚታይ ጎንበስ ብሎ ማየት አያስፈልግም። ዱቄቱ ሲተነፈስ ግን አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። ሌላ ነገር እንዲቀጣጠል የሚያግዝ ዱቄት ስለሆነም ከወረቀት፣ ከጨርቅ፣ ከአልኮልና ከአሴቶን ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም።

*ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር።* ፈጣን ነው፤ ጭሱ ግን ከሁሉም ይከፋል። ሲሞቅ ወይም ፐርኦክሳይዱ ሲበዛበት ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ክፍት አየር ላይ የምትሠሩበት ቦታ ከሌላችሁ እርሱት።

*ሲትሪክ አሲድ፣ ፐርኦክሳይድና ጨው።* ከሌሎቹ የለሰለሰ ነው፣ ጭስም የለውም ማለት ይቻላል። ዝግ ይላል። ይሁንና ከሥራ በኋላ የሚተርፈው ፈሳሽ እንደሌሎቹ ሁሉ መዳብ የሞላበት ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ሶዲየም ፐርሰልፌትን ነው፤ አስም ያለበት ሰው ግን የተዘጋጀ የፌሪክ ክሎራይድ ፈሳሽ ይግዛ። አሲድና ፐርኦክሳይድን ለመጀመሪያ ቀን አትምረጡ።

ስትገዙ የኬሚካሉን የደህንነት መረጃ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀቱ 16 ክፍል አለው። ሁሉን ማንበብ ከከበዳችሁ ክፍል 4ን (የመጀመሪያ እርዳታ)፣ ክፍል 8ን (የሚለበሰውን)፣ ክፍል 10ን (ከምን ጋር እንደማይገናኝ) እና ክፍል 13ን (እንዴት እንደሚወገድ) አንብቡ።

ደረጃ 2፦ ቦታውን አዘጋጁ

1. ምግብ የሚሠራበት ቦታ አይሆንም። "በኋላ አጸዳዋለሁ" ብላችሁ ማዕድ ቤት እንዳትገቡ።
2. አየር ከአንድ ወገን ገብቶ በሌላ ወገን የሚወጣበት ቦታ ምረጡ። አንድ መስኮት ብቻ መክፈት አየሩን አያንቀሳቅሰውም። ነፋሱ ከጀርባችሁ ወደ ፊት እንዲነፍስ ቁሙ፤ ትነቱ ከእናንተ ይርቃል።
3. በቅርብ የሚፈስ የቧንቧ ውሃ ይኑር። ከሌለ ቢያንስ 20 ሊትር ንጹህ ውሃ በባልዲ ከነመቅጃው አጠገባችሁ አስቀምጡ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስከ ውሃው ድረስ ሄዳችሁ ሞክሩት። መንገድ ላይ የሚያደናቅፍ ነገር ካለ አሁኑኑ አንሱት።
4. መሣሪያ፣ ኮምፒውተርና መለኪያ ከክፍሉ ይውጡ። የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ትነት ክዳኑ ላላ ካለ ጠርሙስ እንኳ እየወጣ ብረት ያዝጋል።
5. ልጆችና የቤት እንስሳት አይግቡ፤ በሩንም ዝጉ።

ደረጃ 3፦ ልበሱ

ዓይን ከሁሉም ይቀድማል። ተራ የንባብ መነጽር ከጎንና ከላይ ክፍት ስለሆነ አያድንም። ዙሪያውን ፊት ላይ የሚገጥም የኬሚካል መከላከያ መነጽር አድርጉ።

የናይትራይል ጓንት አድርጉ። ከማድረጋችሁ በፊት አየር ነፍታችሁ አፉን ጠቅልሉና ጨመቅ አድርጉት፤ አየር ካመለጠ ቀዳዳ አለውና ጣሉት። ስስ የሆነው ጓንት የሚያገለግለው ለፍንጣቂ ብቻ ነው። ኬሚካል ካረፈበት ወዲያው ቀይሩት።

ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ ድፍን ጫማና የፕላስቲክ ሽርጥ። ሱሪው ጫማው ውስጥ አይከተት፤ የሚፈስ ኬሚካል እግር ውስጥ ይጠራቀማል።

አንድ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር፦ የአቧራ ማስክ ጋዝና ትነት አያስቀርም። የፐርሰልፌት ዱቄት ስትመዝኑ ይጠቅማል። በአሲድ ጭስ ፊት ግን እንደሌለ ቁጠሩት፤ መፍትሔው ንጹህ አየር ነው።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን ደርድሩ

ማንኛውም ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊት ይሄ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይገኝ፦

- የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን፣ ለኬሚካሉ
- ከሱ የሚሰፋ ሌላ የፕላስቲክ ሳህን፣ የመጀመሪያው ውስጡ የሚቀመጥበት፤ የፈሰሰውን ይይዛል
- በንጹህ ውሃ የተሞላ ሦስተኛ ሳህን፣ ለማለቅለቂያ
- የፕላስቲክ ወረንጦና ማማሰያ
- የመስፈሪያ ብርጭቆና ቴርሞሜትር
- አንድ ጎድጓዳ ዕቃ ቤኪንግ ሶዳ፣ ለፈሰሰ ነገር
- የሚጠረግበት ወረቀትና ባዶ የቆሻሻ ጠርሙስ፣ ስሙ አስቀድሞ ተጽፎበት

ከብረት የተሠራ ምንም ነገር አይግባ። በተለይ አሉሚኒየም! መዳብ ካለበት ኤቺንግ ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ይፈላል፣ ይግላል፣ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅንም ያወጣል። እዚህ የዋለ ዕቃ ለምግብ እንደማይመለስ በማይለቅ ቀለም ጻፉበት።

ደረጃ 5፦ ቀላቅሉ

ሕጉ አጭር ነው፦ *መጀመሪያ ውሃው፤ ከዚያ ኬሚካሉ፤ በትንሽ በትንሹ።* አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ብዙ አሲድ ላይ ትንሽ ውሃ ስታፈሱ የሚፈጠረው ሙቀት ውሃውን በቅጽበት ያፈላውና አሲዱን ይዞ ወደ ፊታችሁ ይረጫል።

*ሶዲየም ፐርሰልፌት ከሆነ፦*

1. 1 ሊትር የሞቀ ውሃ ሳህኑ ውስጥ አድርጉ። ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል።
2. 200 ግራም ዱቄት መዝኑ። ሲመዘን ማስክ አድርጉ፣ ዱቄቱን ከፍ አድርጋችሁ አትበትኑት።
3. ቀስ እያላችሁ ነስንሱ፣ አማስሉ። ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ጠብቁ።

ከ50 ዲግሪ በላይ አታሙቁት። ሥራው አይፈጥንም፤ ኬሚካሉ ራሱ ፈርሶ ኦክሲጅን እየለቀቀ ያልቃል።

*ፌሪክ ክሎራይድ ከሆነ፦* በፈሳሽ መልክ ከገዛችሁ መቀላቀል የለም፤ ሳህኑ ውስጥ በእርጋታ አፍስሱት። ጠጣር ከገዛችሁ ዓይነቱን እዩ። ውሃ ያልያዘው ጥቁር ዱቄት ውሃ ሲነካው በኃይል ይግላል፣ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጭስም ያወጣል። ቢጫ ቡናማው እርጥብ ጓል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ይሞቃል። በማንኪያ አንድ አንድ እያላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጨምሩ። ሳህኑን ከውጭ ዳስሱት፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ እስኪበርድ አቁሙ።

*አሲድና ፐርኦክሳይድ ከሆነ፦* ክፍት አየር ላይ ብቻ።

1. መጀመሪያ 2 እጅ 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ አፍስሱ።
2. ከዚያ 1 እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በሳህኑ ግድግዳ በኩል ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ፊታችሁን አርቁ።
3. ጠንከር ያለ ፐርኦክሳይድ አትጠቀሙ። ከ3 በመቶ በላይ ከሆነ በውሃ አቅጥኑት።
4. አታሙቁት። ይሄ ድብልቅ በራሱ ጊዜ ይሞቃል።
5. ለዕለቱ የሚበቃችሁን ያህል ብቻ አዘጋጁ። አዲሱ ድብልቅ ጋዝ ስለሚያወጣ ጠርሙስ ውስጥ አይታሸግም።

*የፎቶ ዘዴ (ንድፉን ብርሃን በሚለውጠው ሽፋን ላይ ማተም) የምትጠቀሙ ከሆነ፦* ማውጫው፣ ማለትም የማይፈለገውን ሽፋን የሚያነሳው ፈሳሽ፣ ብዙ ጊዜ ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ለ1 ሊትር ውሃ ከ7 እስከ 10 ግራም። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ይናቃል። ኮስቲክ ሶዳ ዓይንን ከአሲድ በባሰ ሁኔታ ይጎዳል፤ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይሄዳል። ጣት ላይ ሳሙና የነካችሁ ያህል ካሙለጨለጨ የሚሟሟው የራሳችሁ ቆዳ ነው። እስኪያቃጥል ሳትጠብቁ ታጠቡ። ጠጣሩን ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃ አታፍስሱበት።

*በጭራሽ የማይገናኙ፦*

- ከላይ ካሉት አሲድ ከሆኑት የትኛውም ከበረኪና ጋር። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የፌሪክ ክሎራይድ እድፍ በበረኪና ለማስለቀቅ የሚሞክር ሰው ብዙ ነው፤ አትሞክሩት።
- አሴቶን ከፐርኦክሳይድ ጋር፣ በተለይ አሲድ ባለበት። ሊፈነዳ የሚችል ውህድ ይፈጠራል። አሴቶን የነካ ወረቀትና ቦርድ እንኳ ወደ ኤቺንግ ሳህኑ አይጠጋ፤ የሁለቱም ቆሻሻ አንድ ጠርሙስ ውስጥ አይግባ።
- አሞኒየም ፐርሰልፌት (በሶዲየም ፐርሰልፌት ቦታ የሚሠራበት ሌላ ኬሚካል) ከኮስቲክ ሶዳ ጋር። አሞኒያ ጋዝ ይለቃል።

ደረጃ 6፦ ቦርዱን አስበሉ

ቦርዱ ሳህኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማስክ አድርጋችሁ አንድ ጥጉ ላይ ብሱና የናይለን ክር እሰሩበት። ክሩን ይዛችሁ ታስገባላችሁ፣ ክሩን ይዛችሁ ታወጣላችሁ። ፍንጣቂ የሚመጣው ቦርዱ ከወረንጦ አምልጦ ሲወድቅ ስለሆነ ይቺ ክር ቁም ነገር ናት።

1. ቦርዱን በአንድ ጠርዙ አስነክታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አስተኙት። አትጣሉት።
2. ሳህኑን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አወዛውዙ። ፈሳሹ ከሳህኑ ግማሽ በላይ መሙላት የለበትም።
3. ማሞቅ ካስፈለገ (ለፌሪክ ክሎራይድ ወይም ለፐርሰልፌት) ሰፊው ሳህን ውስጥ የሞቀ ውሃ አድርጉና የኬሚካሉን ሳህን እዚያ ላይ አስቀምጡት። ምድጃ ላይ አይጣድም፤ ማይክሮዌቭ ውስጥም አይገባም።
4. ለማየት አትጎንበሱ። ቦርዱን በክሩ አንሱት፤ እዚያው ሳህኑ ላይ እንዳለ ይንጠባጠብ፤ ከዚያ እዩት።
5. አንዱን እጃችሁን ለኬሚካል፣ ሌላውን ለንጹህ ነገር መድቡ። ኬሚካል የነካው ጓንት ስልክ፣ የበር እጀታና ፊት አይነካም። ስልክ ከጠራ ይጥራ።

ሥራው እንደ ሙቀቱና እንደ ፈሳሹ ጉልበት ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ትታችሁ አትሂዱ።

*አልበላ ካለ* አሲድ አትጨምሩ። ሙቀቱን ለኩ፤ ፌሪክ ክሎራይድ ወይም ፐርሰልፌት ሆኖ ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። መዳቡ ላይ የጣት ቅባት ወይም ያልወጣ የፎቶ ሽፋን መኖሩን እዩ። ፈሳሹ ያረጀ ከሆነም ቀይሩት። የአሲድና ፐርኦክሳይዱ ድብልቅ ሲደክም ከጥርት አረንጓዴ ወደ ቡናማ ይጠቁራል፤ ጥቂት ጠብታ 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ይመልሰዋል።

ደረጃ 7፦ አውጡ፣ አለቅልቁ

ቦርዱ ከተንጠባጠበ በኋላ ማለቅለቂያው ሳህን ውስጥ ክተቱት። ቀጥታ ቧንቧ ስር አትውሰዱት፤ ፍሳሹ ውስጥ የሚገባው መዳብ ነው። ያ የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ውሃ ወደ ቆሻሻ ጠርሙሱ ይገባል።

ንድፉን የያዘውን ቶነር (የማተሚያ ቀለም) ወይም ሽፋን በአሴቶን የምታነሱት የኤቺንግ ኬሚካሉ ሁሉ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ከተነሳ በኋላ ነው። ሻማ፣ ምድጃና የጋለ መበየጃ በአካባቢው አይኑር። ቦርዱን ስትበሱ ደግሞ የመስታወት ቃጫ ያለበት የኤፍአር4 (ቦርዱ የተሠራበት ቁስ) ብናኝ ይነሳል፤ ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ኤን95 ማስክ ያስፈልጋል።

ጓንቱን ሳታወልቁ ከላዩ ታጠቡት፣ ከዚያ ገልብጣችሁ አውልቁት። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

ደረጃ 8፦ የተረፈውን አስቀምጡ

ፈሳሹ ገና ጉልበት ካለው አትድፉት፤ ደጋግሞ ይሠራል። ከኬሚካል ቆሻሻ ጋር የሚደረግ ትግል የሚቀንሰው ቆሻሻውን በማሳነስ ነው።

የለስላሳ ወይም የውሃ ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ የጠማው ሰው ያነሳዋል። ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ፈልጉና የኬሚካሉን ስም፣ የተሠራበትን ቀን እና "መርዝ፤ መዳብ አለበት" የሚል ጻፉበት። ፌሪክ ክሎራይድ ጥብቅ አድርጎ መክደን ይቻላል። ፐርሰልፌትና ፐርኦክሳይድ ያለበት ግን ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑ ላላ ይበል፤ አጥብቃችሁ ከዘጋችሁት ጠርሙሱ ያብጥና ይፈነዳል። ይሄንን ላላ ያለ ጠርሙስ ሰው ከማያድርበት፣ መሣሪያም ከሌለበት ቀዝቃዛ ቦታ አድርጉት።

ደረጃ 9፦ አስወግዱ

ማጠቢያ ገንዳ፣ ሽንት ቤት፣ ቦይና አፈር አይሆኑም። አሲዱ ቢሞት እንኳ የሟሟው መዳብ አይሞትም። በጣም ጥቂት መዳብ ለዓሣና በውሃ ውስጥ ላሉ ደቃቅ ፍጥረታት መርዝ ነው፤ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ቆሻሻውን የሚበሉለትን ባክቴሪያዎችም ይጎዳል። የብረት ቧንቧ ካለም ይበሳዋል።

የመጀመሪያው ምርጫ ፈሳሹን እንዳለ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል ቦታ ማስረከብ ነው። ለማን እንደሚሰጥ ኬሚካሉን ሳትገዙ በፊት ጠይቁ።

ተቀባዩ እስኪገኝ ድረስ አሲዱን ማለዘብ ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1. ፈሳሹን ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አድርጉ። ከባልዲው ሩብ አይለፍ፤ አረፋው በጣም ይነሳል።
2. ፐርኦክሳይድ ወይም ፐርሰልፌት ካለበት አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ክፍቱን ለቀናት አቆዩት።
3. ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ ጨምሩ። አረፋው ሲሰክን ሌላ ማንኪያ። አትቸኩሉ።
4. አሲድነቱን በፒኤች ወረቀት ለኩ። 8 አካባቢ ሲደርስ አቁሙ።
5. አንድ ሌሊት ይደር። ሰማያዊ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ዝቃጭ ወደ ታች ይወርዳል። አብዛኛው መዳብ እዚያ ነው ያለው።
6. ዝቃጩንም ከላይ የቀረውንም ውሃ ስማቸውን ጽፋችሁ ለተቀባዩ አስቀምጡ። ውሃው ጥርት ስላለ ብቻ ንጹህ ነው አትበሉ።

ይሄ ዘዴ ለአሞኒየም ፐርሰልፌት አይሠራም። አሞኒያው መዳቡን አሟሙቶ ይይዘዋል፤ ፈሳሹ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል እንጂ መዳቡ በደንብ አይዘቅጥም። እንዳለ አስረክቡት።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*ዓይን ውስጥ ከገባ፦* ወዲያው ውሃ። የዓይን ቆባችሁን በጣት ከፍታችሁ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳታቋርጡ እጠቡ፤ ኮስቲክ ሶዳ ከሆነ ከዚያም በላይ። ኮንታክት ሌንስ ካለ እየታጠባችሁ አውጡት። ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። ቢሻላችሁም ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የኬሚካሉን ስም ይዛችሁ።

*ቆዳ ላይ ከፈሰሰ፦* የነካውን ልብስ አውልቁ፣ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ፣ ኮስቲክ ሶዳውን በኮምጣጤ "ለማጥፋት" አትሞክሩ። ሲገናኙ የሚፈጠረው ሙቀት ቁስሉን ያብሰዋል።

*ከተዋጠ፦* አታስመልሱ። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላል። አፍን በውሃ አስጉመጥምጡና ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰዱ።

*ጭሱ ጉሮሮ ከያዘ፦* ሁሉን ትታችሁ ውጡ። ሳህኑን ለመክደን አትመለሱ። ሳሉ ወይም የደረት መጨነቁ ካልተወ ሐኪም ያስፈልጋል፤ የክሎሪን ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል።

*ድብልቁ መፍላት ከጀመረ፦* አትክደኑት፣ አታንሱት። ሳትጎነበሱ መድረስ ከቻላችሁ ሰፊው ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱ፤ የኬሚካሉን ሳህን ከውጭ ያበርደዋል። ካልቻላችሁ ራቁና እስኪሰክን ጠብቁ።

*ወለል ላይ ከፈሰሰ፦* ከጠርዙ ወደ መሃል ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት። አረፋው ሲያቆም በወረቀት ሰብስቡና በተጻፈበት ፕላስቲክ ውስጥ አድርጉት። ፐርሰልፌት ከሆነ ግን በወረቀት አትጥረጉ፤ ብዙ ውሃ በነካ ስፖንጅ አንሱትና ስፖንጁን ሳይደርቅ በውሃ እጠቡት፤ እጣቢውም ወደ ቆሻሻ ጠርሙሱ ይገባል። ፐርሰልፌት የነካ ወረቀት ወይም ጨርቅ ደርቆ በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል።